ድሬ ላይ የመጀመሪያውን የሕግ ሥራ በሰው በኩል ማግኘት፤ ከምረቃ ማግስት ጀምሮ ምን ታደርጋላችሁ?

ሕግ ተምሮ የወጣ ልጅ ድሬዳዋ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚሰማው ጥያቄ «ሰው አለህ?» የሚለው ነው። ጎረቤት ይጠይቃል፤ የአክስት ልጅ ይጠይቃል፤ ባጃጅ ላይ አብሮ የተሳፈረውም ይጠይቃል። ብዙው ተመራቂ «የለኝም» ይልና ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት መቆም ይጀምራል።

ሥራ በሰው በኩል ይገኛል፤ ይህን አልክድም። ግን «ሰው» ሲባል ስልክ አንስቶ የሚያስቀጥር ባለሥልጣን አጎት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ሰው ሌላ ነው፤ ቦታ ሊከፈት መሆኑን ቀድሞ የሚሰማ፣ ስማችሁ ሲነሳ ደግሞ «አውቀዋለሁ፤ ማመልከቻ ሲጽፍ አይቻለሁ» የሚል። እንዲህ ያለ ሰው በዘር አይገኝም። ቀስ ብሎ፣ በሥራ ነው የሚገኘው። ከዚህ በታች ያለው እንዲህ ያለውን ሰው የምታገኙበት መንገድ ነው። በእጅ መንሻ መቀጠር የሚፈልግ ግን እዚህ ምንም አያገኝም፤ ለሕግ ሰው ደግሞ ነውሩ እጥፍ ነው።

1. ማን ሕግ ባለሙያ እንደሚቀጥር ጻፉ

ምሩቅ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ሦስት ነገር ብቻ ይታየዋል፦ ዳኝነት፣ ዐቃቤ ሕግነት፣ ጥብቅና። ሦስተኛው ወዲያው አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ የሥራ ልምድና የመግቢያ ፈተና ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሥራ ስትመርጡ ደመወዙን ብቻ አትዩ፤ ለፈቃድ የሚቆጠር ልምድ ይሆናል ወይ ብላችሁም ጠይቁ።

አሁን ደብተር ያዙና ከተማዋን ጻፏት። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ችሎቶች እዚሁ አሉ። አስተዳደሩ የራሱ የከተማ ፍርድ ቤት አለው፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ። ፍርድ ቤት ስትሉ ደግሞ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ዳኛ ብቻ አታስቡ። ሬጅስትራር (የመዝገብ ሥራውን የሚመራ) አለ፣ ረዳት ዳኛ አለ፣ የችሎት ጸሐፊ አለ። ለአዲስ ምሩቅ የሚቀርበው በር እዚህ በኩል ነው።

ቀጥሎ ዐቃቤ ሕግ፣ የአስተዳደሩ ቢሮዎች የሕግ ክፍሎች፣ ሰው ሁሉ «ውልና ማስረጃ» የሚለው የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት። ከዚያ ባንክና ኢንሹራንስ፤ ነገረ ፈጅ (የድርጅቱን የሕግ ጉዳይ የሚይዝ ባለሙያ) የሚለው የሥራ መደብ በብዛት የሚገኘው እነሱ ጋ ነው።

ምሩቃን የሚረሱት ግን የድሬን ዋና ሙያ ነው፤ ንግድንና መጓጓዣን። ከተማዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ ሲመጣ፣ በ1895 ነው። ዛሬም የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር ያልፍባታል። ጉምሩክ አለ፤ ደረቅ ወደብ አለ፤ በነሐሴ 2014 ሥራ የጀመረ ነፃ የንግድ ቀጣና አለ። የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ ውል ይዋዋላሉ፣ ሠራተኛ ያሰናብታሉ፣ ዕቃ ይጠፋባቸዋል፣ ዕዳ ያሳድዳሉ። ሕግ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል፤ ቢያንስ ጉዳዩን የሚይዝላቸው ጠበቃ አላቸው፤ ጠበቃው ደግሞ ረዳት ያስፈልገው ይሆናል።

በደብተሩ ሌላ ገጽ ላይ ከድሬ ውጭ ያለውን ጻፉ። ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሱበታል። እዚህ ላይ ቋንቋ ይወስናል። የድሬ የፌዴራል ችሎቶች የሚሠሩት በአማርኛ ነው። ሐረሪ ክልል ግን የሥራ ቋንቋው ሐረሪና ኦሮምኛ ነው፤ ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን በኦሮምኛ፣ ጅግጅጋ ደግሞ በሶማልኛ ይሠራል። የድሬ ልጅ ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም ሰፈር ውስጥ ይለቅማቸዋል። ይሁን እንጂ ቀፊራ ገበያ ላይ ዋጋ መከራከርና በቁቤ የመከላከያ መልስ መጻፍ ለየቅል ናቸው። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ከቻላችሁ፣ የሕግ ቃላቱን ለይታችሁ አጥኑና ሲቪያችሁ ላይ ከላይ አስፍሩት። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ አስተካክሎ የሚጽፍ ምሩቅ በዚህ አካባቢ ሥራ ፈትቶ ብዙ የሚቀመጥ አይመስለኝም።

2. የምታውቋቸውን ቁጠሩ

«ማንንም አላውቅም» የሚል ሰው ቁጭ ብሎ አልጻፈም ማለት ነው። አምስት ዓመት ሕግ ትምህርት ቤት ተቀምጣችሁ ማንንም ሳታውቁ መውጣት አይቻልም።

ከእናንተ አንድና ሁለት ባች ቀድመው የወጡትን መጀመሪያ ጻፉ። ትልልቆቹን ጠበቆች ከማሳደድ ይልቅ እነዚህን መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። የፈተናው ዓይነት ገና አልጠፋቸውም፤ የትኛው መሥሪያ ቤት በምን ወር ማስታወቂያ እንዳወጣ ያስታውሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የተሻለ ሥራ አግኝተው ሊለቁ ነው። ሰው ሲለቅ ቦታው ክፍት የሚሆነው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት መሆኑን አትርሱ።

ከዚያ መምህራን። በሰነፍነት የሚያውቋችሁን ትታችሁ፣ አንድ ጥሩ ወረቀት የሠራችሁለትን አስቡ። የኤክስተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) ኃላፊያችሁም እዚህ ይግባ፤ ያን ጊዜ መዝገብ ያስያዛችሁ ሬጅስትራር ስማችሁን ባያስታውስ እንኳ ፊታችሁን ይለያል። በዩኒቨርሲቲው የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ያገለገላችሁ ከሆነ አብረዋችሁ የነበሩትን አስፍሩ። ሙት ኮርት (የልምምድ ችሎት ክርክር) ከተወዳደራችሁ ዳኛ ሆነው የተቀመጡትንም።

ሰፈሩንም አትናቁ። የእናታችሁ እድር ውስጥ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ይኖሩ ይሆናል። መስጊድ ከአባታችሁ ጎን የሚሰግዱት ሰው ኢንሹራንስ ውስጥ የካሳ ጥያቄ የሚያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ድሬ ትንሽ ናት፤ ከዚራ ቢሮ ያለውን ጠበቃ ሳቢያን ያለች አክስታችሁ ከነልጆቹ ስም ልታውቀው ትችላለች።

ታዲያ ለአክስትየው ምን ትሏታላችሁ? እዚህ ላይ ነው ብዙው ነገር የሚበላሸው። «ሥራ ፈልጊልኝ» ካላችኋት ትጨነቃለች፣ «እሺ፣ አላህ ያውቃል» ትላለች፣ እዚያው ያልቃል። ቀጣሪ አይደለችማ። ይልቁንስ እንዲህ በሏት፦ «አክስቴ፣ ባንክ ወይም ጉምሩክ የሕግ ክፍል የሚሠራ ሰው ካወቅሽ ስልኩን ስጪኝ። ሥራ ስጠኝ አልለውም፤ ሥራው ምን እንደሚመስል ልጠይቀው ነው።» ይህን ትችላለች። ሰው የሚችለውን ስትጠይቁት ደስ እያለው ያደርጋል።

3. መልእክቱን ጻፉ

የአንድ ሰው ስልክ አገኛችሁ እንበል። ሚስኮል አታድርጉ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ጠበቆች ከቴሌግራም ይልቅ ድምፅ ይወዳሉ፤ ቢሆንም ከመደወል በፊት አጭር መልእክት መላክ ጨዋነት ነው። ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። እገሊት እገሌ እባላለሁ፤ ዘንድሮ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቄያለሁ። ስልክዎን የሰጡኝ መምህሬ አቶ እገሌ ናቸው። በባንክ የሕግ ክፍል ረጅም ጊዜ እንደሠሩ ነግረውኛል። የብድርና የመያዣ ሥራ በተግባር ምን እንደሚመስል ከእርስዎ ብሰማ ብዬ ነው። የሚመችዎት ቀን ካለ ቢሮዎ መጥቼ 20 ደቂቃ ባናግርዎ ደስ ይለኛል። ነገ ጠዋት ልደውልልዎ?»

ልብ በሉ፤ ማን እንደላካችሁ ከላይ ተጽፏል። ስልኩ ከማን እንደመጣ ያልታወቀ መልእክት ጥርጣሬ ይፈጥራል። ስለምን እንደምታወሩ ተጽፏል። ሲቪ አልተያያዘም። ሲቪ ስታያይዙ ሰውየው የሚያነበው «አስቀጥረኝ» የሚለውን ነው፤ ማስቀጠር ስለማይችልም ዝም ይላል። ከፈለገ ራሱ ይጠይቃችኋል፤ ሲጠይቅ በዚያው ሰዓት የምትልኩት ዝግጁ ይሁን።

ለማላውቀው ሰው «ጋሼ» ልበል ወይስ «አቶ»? በጽሑፍ «አቶ»፣ «ወይዘሮ» በሉ፤ ስትገናኙ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሁኔታው ትቀይሩታላችሁ። «አንተ» ግን እነሱ ራሳቸው አንቱታውን ካላስተዉአችሁ በስተቀር አይሞከርም። ድሬ በ«አቦ» ተጀምሮ በ«አቦ» የሚያልቅ ከተማ ነው፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ስልክ ላይ «አቦ» ትንሽ ትቆይ።

ሰዓትም አለው። ጠበቃን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አትደውሉለት፤ ችሎት ውስጥ ነው። ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የጁምዓና የምሳ ሰዓት ነው፤ ተዉት። ከምሳ በኋላ ያለው የድሬ ሙቀትም ለእንግዳ ወሬ አይሆንም። ረመዳን ላይ ደግሞ ቀጠሮ ጠዋት ይያዝ፤ ካልሆነ ከተራዊህ በኋላ። ካልመለሱ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ ተዉት።

4. ስትገናኙ

ከመሄዳችሁ በፊት ስለሥራቸው ጥቂት አንብቡ። ወደ ባንክ ሰው ከሆነ ባንኮች መያዣን በራሳቸው የሚሸጡበትን አዋጅ ቁጥር 97/1990ንና የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትናውን አዋጅ ቁጥር 1147/2011ን አገላብጡ። ወደ ፋብሪካ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን። ኩባንያ ከሆነ አዲሱን የንግድ ሕግ፣ 1243/2013ን። ሁሉን በቃል መሸምደድ አይጠበቅባችሁም፤ «የሙከራ ጊዜው ወደ 60 የሥራ ቀን ከፍ ካለ ወዲህ ክርክሩ ቀነሰ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅና «ሥራ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አንድ አይደሉም። ሰውየው ከሁለት ደቂቃ በኋላ የሥራ ባልደረባ የሚያናግር ይመስለዋል፤ እናንተም የምትፈልጉት እሱን ነው።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ብዙ ያስወራሉ፦ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይሠራሉ? አዲስ የሚገባ ልጅ ምን አቅቶት ያስቸግራል? እዚህ ከመግባትዎ በፊት የት ነበሩ? ፈተናው ጽሑፍ ይበዛዋል ወይስ ቃለ መጠይቅ? ሁለተኛውን ሳትጠይቁ አትውጡ። ባለሙያዎች ስለአዲስ ልጆች ድክመት ሲያወሩ አይሰለቹም፤ በአንድ ቁጭታ ምን ማስተካከል እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ነው። ፍሬ ነገሩን ከሕጉ ለይቶ፣ ዳኝነቱን በግልጽ ጠይቆ የሚጽፍ ልጅ ጠፋ ይላሉ።

ስትጨርሱ «በዚህ ጉዳይ ሌላ ማንን ባናግር ይጠቅመኛል ይላሉ?» በሉ። አንድ ስም ከሰጧችሁ «እርስዎ ልከውኝ ነው ብል ቅር ይልዎታል?» ብላችሁ አስፈቅዱ። ሳታስፈቅዱ የሰው ስም ማንሳት ድሬ ላይ በማግስቱ ይሰማል።

ሻይ ቤት ከሆነ የተገናኛችሁት ለመክፈል እጃችሁን ወደ ኪስ ስደዱ፤ ትልቅየው «ተው!» ካሉ አትሟገቱ።

በርጫስ? ይጠየቃል፤ ከሰዓት በኋላ የድሬ ወሬ የሚፈሰው እዚያ ነውና። ጫት የማትቅሙ ከሆነ ለሥራ ብላችሁ መጀመር የለባችሁም። ሻይ ይዞ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው እዚያ ቤት ቅር አይባልበትም። ቁም ነገሩን ግን ምርቃና ላይ አትጀምሩት። ያን ሰዓት ቃል የማይገባ ሰው የለም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ማንም አያስታውሰውም።

ለሴት ምሩቃን አንድ ነገር ልጨምር። «ስለሥራው እናውራ» ተብሎ ቀጠሮው ማታ፣ ቦታው ሆቴል ከሆነ አትሂዱ። ቢሮ፣ በሥራ ሰዓት፣ ካልሆነ ከዚራ ሰው የሚበዛበት ካፌ በጠዋት። ይህን ስትሉት የሚቀየም ሰው ድሮም ስለሥራ ሊያወራችሁ አልነበረም። የሴት ጠበቆችን፣ ዳኞችንና ነገረ ፈጆችን ዝርዝር ለይታችሁ ያዙ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከቻላችሁ ከባለሙያዎቹ ጋር ያስተዋውቃችኋል።

5. ችሎት ታደሙ

ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። ነፃ ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅም። ግን ሥራ ፈላጊ የሕግ ምሩቅ እዚያ ተቀምጦ ብዙም አይታይም። ይገርመኛል።

ንጹሕ ልብስ፣ የተዘጋ ስልክ፣ ትንሽ ደብተር። ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ በሉና ጠበቆቹን ተከታተሉ፤ ማን ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ማን ቀጠሮ ብቻ ይለምናል፣ ማን ምስክር መጠየቅ ያውቅበታል። በሳምንት ሁለት ጠዋት ብትሄዱ አብረው መሥራት የምትፈልጓቸውን ጠበቆች በዓይናችሁ ትመርጣላችሁ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብላችሁ «ትናንት የመያዣው ጉዳይ ላይ ያነሱትን መቃወሚያ ሰምቼ ነበር፤ የሰበሩን ውሳኔ ቁጥር ብጠይቅዎ?» ማለት ትችላላችሁ። እንዲህ ተብሎ የሚቀየም ጠበቃ አላውቅም።

ዳኞችን ግን ተዉአቸው። ችሎት ላይ መዝገብ የያዘ ዳኛ ኮሪደር ላይ የሚያናግረውን ሰው ሌሎች በጥርጣሬ ያዩታል። ዳኛውም አይወደውም፤ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ካየ ደግሞ አቤቱታ ሊያስነሳበት ይችላል። ጥያቄ ካላችሁ በመምህር ወይም በፍርድ ቤቱ አስተዳደር በኩል ይሂድ። ሬጅስትራርና መዝገብ ቤት ግን ሌላ ነው፤ ሰላምታ ይገባቸዋል፤ መዝገብ የሚፈስበትን መንገድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የቀን መቁጠሪያውንም አስቡ። ምረቃ ሰኔና ሐምሌ አካባቢ ነው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ ነሐሴና መስከረም ላይ እረፍት ወጥተው ተረኛ ችሎት ብቻ ይቀራል። «ትንሽ ልረፍና ነሐሴ ላይ እጀምራለሁ» ያለ ልጅ ባዶ ኮሪደር ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ችሎት መታደሙን በሐምሌ ጨርሱት። እረፍቱ ደግሞ ለጠበቃ ቢሮ ጉብኝት ጥሩ ነው፤ ያን ጊዜ ጠበቃ ከአገር ካልወጣ ቢሮው ተቀምጦ የሚያወራበት ጊዜ አለው።

6. የእጃችሁን ሥራ አሳዩ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

አዲስ ምሩቅ የሥራ ልምድ የለውም። የሚያሳየው ነገር ግን ሊኖረው ይችላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ ታትመው በቅጽ በቅጽ ይወጣሉ፤ ብዙ ናቸው፤ ሥራ የበዛበት ጠበቃ ሁሉንም አያነብም። እንግዲህ አንድ ጠባብ ርዕስ ምረጡ። ለምሳሌ ከአግባብ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ካሳ፣ ወይም አጓጓዥ ለጠፋ ዕቃ ያለበት ኃላፊነት። ስለዚያ የተሰጡትን ውሳኔዎች ሰብስቡ፣ የመዝገብ ቁጥራቸውን ይዛችሁ በሁለት ገጽ አጠቃሉ፦ ጭብጡ ምን ነበር፣ ችሎቱ ምን አለ፣ አቋሙ ተለውጧል ወይ።

ያቺን ሁለት ገጽ ላናገራችሁት ሰው ላኩለት። «ባለፈው ስለአጓጓዥ ኃላፊነት ስናወራ የሰበር ውሳኔዎቹን ሰብስቤያቸው ነበር፤ ከጠቀመዎት ብዬ ነው» ብላችሁ፤ ሌላ ምንም አትጨምሩ። ሰውየው የመዝገብ ቁጥሩን ያጣራል፤ ጠበቃ ነዋ። ትክክል ሆኖ ካገኘው ስማችሁን ይይዛል። ስለዚህ ያላያችሁትን ውሳኔ ከሰው ጽሑፍ ላይ ገልብጣችሁ አታስገቡ። የስልክ ላይ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሌለ የመዝገብ ቁጥር ፈጥሮ ሲሰጥም ይታያል። አንድ የውሸት ቁጥር ከተገኘ አለቀ፤ በዚህች ከተማ ሁለተኛ ዕድል አይገኝም።

ሌላም መንገድ አለ። ጠበቆች አቅም ለሌለው ሰው ነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጊዜ ስለሌላቸው ይከብዳቸዋል። «የነፃ ጉዳይ ካለዎት ጥናቱንና ረቂቁን ልሥራልዎት፤ እርስዎ ያርሙታል» በሉ። ክርክሩን እነሱ ያቀርባሉ። እናንተ የታረመ ረቂቅ ይቀርላችኋል፤ እሱ ከብዙ ሰርተፊኬት ይሻላል።

7. ጠበቃ ቢሮ ስትገቡ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ

ሁለትና ሦስት ሰው ካናገራችሁ በኋላ አንዱ «ለምን እዚህ አትመጣም?» ይላል። የምሥራች ነው፤ ግን አትቸኩሉ። ከ2013ቱ የጥብቅና አዋጅ በፊት ጠበቆች ድርጅት መሥርተው መሥራት አይችሉም ነበር። አሁን ይቻላል፤ ቢሆንም ድሬ ላይ ብዙው ቢሮ አሁንም አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጸሐፊና በፋይል የታጨቀ ሸልፍ ነው። የቅጥር ውል ማዘጋጀት የለመደ አይደለም። ለሕግ ሰው ውል የለንም ማለት ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ስለዚህ እናንተ አንሱት፤ በትሕትና፣ ግን በግልጽ። ለስንት ወር? በቀን ስንት ሰዓት? የትራንስፖርት አለ ወይ? ከስንት ጊዜ በኋላ ስለደመወዝ እናወራለን? ደግሞ ይህን አትርሱ፦ «ስጨርስ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይሰጡኛል?» የግል ቢሮ ልምድ ሲቆጠር ብዙ መሥሪያ ቤት ከደመወዙ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ይጠይቃል። በእጅ እየተሰጠ ያለደረሰኝ ያለቀ ሁለት ዓመት፣ ወረቀት ላይ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ለፈቃድ ስታመለክቱ ነው የሚቆጫችሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ረቂቅ እየጻፍኩ ነው ወይስ ፎቶ ኮፒ እያመላለስኩ? ትንሽ መላላክ የትም አለ። ሁሉም መላላክ ከሆነ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

ሁለት ነገር በፍጹም አታድርጉ። አንደኛ፣ ፈቃድ ሳይኖራችሁ በገንዘብ የሰው ጉዳይ አትያዙ። ፍርድ ቤት ደጃፍ «ሕግ ተምረሃል አይደል፣ ይህቺን ክስ ጻፍልኝ» የሚል ባለጉዳይ አይጠፋም፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የቅርብ ዘመድን ያለክፍያ መወከል ይፈቅዳል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ግን በኋላ ፈቃድ ስትጠይቁ ሊጠየቅባችሁ ይችላል። ሁለተኛ፣ ደንበኛ አምጥታችሁ ኮሚሽን አትቀበሉ። «አንድ መዝገብ ባመጣህ ቁጥር ይህን ያህል» ያላችሁ ሰው ረዳት ሳይሆን ደላላ ነው የሚፈልገው።

8. ማስታወቂያና ፈተናም ይጠብቃችሁ

በሰው መፈለግ ማስታወቂያን አይተካም። የመንግሥት ቅጥር በውድድር ነው፤ ዕጩ ዐቃቤ ሕግም ሆነ ረዳት ዳኛ ፈተና አለው። የምታውቋቸው ሰዎች ጥቅማቸው ማስታወቂያው መውጣቱን ቀድመው ማሳወቃቸው፣ ለምን ዓይነት ፈተና እንደምትዘጋጁ መንገራቸው ነው። ሦስት ቀን ብቻ የተለጠፈ ማስታወቂያ አምልጦት የሚያለቅስ ብዙ ነው። አራት አምስት ሆናችሁ የቴሌግራም ቡድን ክፈቱና ተከፋፈሉ፤ አንዱ የፍርድ ቤቶቹን ሰሌዳ ያያል፣ አንዱ ባንኮቹን፣ አንዱ ጋዜጣና የሥራ ድረ ገጾችን፣ ሐረር የሚኖር ካለ የሐረርን። ተወዳዳሪ መሆናችሁን አውቃለሁ። ግን ከአምስታችሁ አንዱ ሲገባ የቀራችሁት አራት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰው አገኛችሁ ማለት ነው።

ወረቀቱን በአንድ ፋይል አዘጋጁ፦ ዲግሪ ወይም ቴምፖ፣ የውጤት ማስረጃ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ መታወቂያ፣ ሲቪ። ኮፒውን ከዋናው ጋር ማመሳከር የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ስላለ ዋናውም ቅርብ ይሁን። ስልካችሁ ላይም ፒዲኤፉ ይቀመጥ።

9. ከተቀጠራችሁ በኋላ

ደብተራችሁ ላይ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ደውሉላቸው፤ ስልክ የሰጠቻችሁን አክስት ጭምር። «አገኘሁ፣ አመሰግናለሁ» በቂ ነው። ዒድ ሲደርስ ለዒድ፣ ፋሲካ ሲደርስ ለፋሲካ እንኳን አደረሰዎ በሉ፤ ለሁሉ የተላከ ፎቶ ሳይሆን ስማቸውን ጠርታችሁ።

የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የደመወዝ ደረሰኙንና የሥራ ዝርዝራችሁን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፤ ለጥብቅና ፈቃድ ስታመለክቱ የሚፈለገው እሱ ነው። በሚቀጥለው ሐምሌ ደግሞ አንድ የማታውቁት ምሩቅ «20 ደቂቃ ቢሰጡኝ» የሚል መልእክት ይልክላችኋል፤ የሚመቻችሁን ቀን ነግራችሁ መልሱለት።